የሸክላ ልደትና የሰው መታሰቢያ፤ በመናገሻና በአዲስ አበባ ስለ ዘፈን ዓመት አቆጣጠር

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጋዜጣና በራዲዮ «እገሌ የተባለው ዘፈን ከወጣ 50 ዓመት ሞላው» የሚል ነገር ደጋግሞ ይሰማል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዘፈን እንደ ሰው ይወለዳል፤ ከተወለደም ዕድሜ ይቈጠርለታል፤ ዕድሜው ሲሞላ ይከበርለታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ አቆጣጠሩን ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው ወዲያው ሦስት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ዘፈኑ የተወለደው በየትኛው ቀን ነው፣ ቀኑ የተመዘገበው በማን አቆጣጠር ነው፣ ዕድሜው ሞላ ሲባልስ የሚጠቀመው ወይም የሚጐዳው ማን ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ኋላ እንደምናየው፣ የክብረ በዓል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ልማዱ የመጣው ሮክ ከሚባለው ሙዚቃ አገሮች፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ነው። በዚያ የሙዚቃ ታሪክ ቀን አለው። ኤልቪስ ፕሬስሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1954 በሜምፊስ ከተማ በሰን ኩባንያ ቤት ገብቶ የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸበት ቀን ይታወቃል፤ በነሐሴ 1969 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዉድስቶክ ስም የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤም ቀኑ የተቈጠረ ነው። ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን «ሳርጀንት ፔፐር» የተሰኘውን ሥራቸውን በ1967 አወጡ፤ በ2017 ኩባንያው 50ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እንደገና አሰናድቶ ለገበያ አቀረበው። በዚህ ምሳሌ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ቢትልሶች ከ1966 ነሐሴ ወዲህ እየዞሩ በሕዝብ ፊት መጫወት ትተው ነበርና ያ ሥራ ከመቅረጫ ክፍል ውጭ ሕይወት አልነበረውም። ሰው የሰማው ከሸክላው ነው፤ ሸክላው ራሱ ሥራው ነው። ስለዚህ ሸክላው የወጣበትን ቀን የዘፈኑ የልደት ቀን ማለት በዚያ አገር ትክክል ነው። የኩባንያው መዝገብም ዘፈኑ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደ ተቀረጸ ይናገራል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ግን መታሰቢያ በሌላ ሥርዐት የሚቈጠር ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። በክርስቲያኑ ዘንድ ቀን የሚቈጠረው በመጀመሪያ ለቅዱሳን፣ ቀጥሎም ለሙታን ነው። የቅዱሱ በዓል በየወሩ ይመጣል፤ የማኅበር ጽዋም በወሩ ቀን ይዞራል። የሞተ ሰው ደግሞ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት አለው። የተራ ሰው የልደት ቀን በየዓመቱ መከበሩ ግን የከተማና የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው፤ በገጠሩ «በሚካኤል ዕለት፣ ቡሄ ሲደርስ ተወለደ» ከተባለ ይበቃ ነበር። በመናገሻ ዙሪያ ባለው የቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ የገዳ ሥርዐት የራሱን ቍጥር ሰጥቷል። የአንዱ ገዳ ዘመን 8 ዓመት ነው፤ አምስቱ ገዳዎች ሲፈራረቁ 40 ዓመት ይሞላል። በዚህ ሥርዐት አንድ ነገር የሆነበት ጊዜ የሚነገረው በማን ገዳ እንደ ሆነ በመጥቀስ ነው እንጂ በዓመት ቍጥር አይደለም።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ መውጫዎች ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በቀድሞው አስተዳደር ይህ አካባቢ መናገሻ አውራጃ ይባል ነበር። በእነዚህ ከተሞች አንድ አዛውንት ስለ አንድ አሮጌ ዘፈን «መቼ ወጣ?» ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ»፣ «ከለውጡ በፊት»፣ ወይም «እኅቴን በዳርን ዓመት» የሚል ነው። ይህን ዐይነት መልስ የሰማ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል። እኛ ግን እንደ ጉድለት አናየውም። ዘፈኑን ከመንግሥት ወይም ከሠርግ ጋር አያይዞ ማስታወስ ዘፈኑ በእውነት የኖረበትን ቦታ ማስታወስ ነውና። ዘፈኑ የኖረው በሰርግ ዳስ፣ በጠጅ ቤት፣ በቴአትር አዳራሽና በራዲዮ ነበር፤ ሸክላው ከእነዚህ አንዱ ምስክር ብቻ ነው።

መናገሻ የሚለው ቃል የሚነገሥበት ሥፍራ ማለት ነው። ስሙ ለዚህ ጽሑፍ የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታላላቅ ቀኖች ሲመረመሩ ከንግሥና በዓል ጋር የተያያዙ ሆነው ይገኛሉና። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ መላኩ ይታወሳል፤ ይህ መነሻ ነው። ዋናው ቀን ግን ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ. ም. ነው። ራስ ተፈሪ በዚያ ዓመት ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ቍጥራቸው 40 ነበርና «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ቀረላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለትን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ያወጡ እርሳቸው ናቸው፤ መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ።

ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት በዓመቱ መጨረሻ፣ በዐሥራ ሦስተኛዋ ወር በመጀመሪያዋ ቀን መሆኑ ለአቆጣጠር ሰው የሚያስደስት ነገር ነው። አምስት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ የ1917 እንግዶች በሆኑ ነበር፤ በአውሮፓውያን መዝገብ ግን ያም ሆነ ይህ መስከረም 1924 ተብሎ ይጻፋል።

ከዘውዱ በኋላ 25 ዓመት ሲሞላ የተደረገው የብር ኢዮቤልዩ ለሙዚቃችን ከማንኛውም ሸክላ የበለጠ ነገር አስገኝቷል። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት የቀረው ሕንፃ ተጠናቆ በ1948 ዓ. ም. ለበዓሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። በመክፈቻው የቀረበው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከቴአትሩ ጋር ኦርኬስትራ ቆመ፤ አውስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከርና በኋላም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞቹን አሠለጠኑ። ነርሲስ አገርኛውን ዜማ በአምስቱ ድምፅ ቅኝቱ እንደ ጠበቀ በብዙ መሣሪያ እንዲነገር አድርገው ማቀናበርን ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ናቸው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሮክ አገር ሙዚቃው ቀድሞ ወጥቶ በዓሉ በ50 ዓመት ተከተለው፤ በእኛ አገር በዓሉ ቀድሞ መጥቶ ሙዚቃውን ወለደው። ዓመታዊው የዘውድ ቀን፣ ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ሚያዝያ 27 የድል በዓል የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተዘጋጅተው የሚወጡባቸው ቀኖች ነበሩ። በ1927 ዓ. ም. የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበርም የተወለደው የጣሊያን ወረራ በቀረበበት ወራት፣ ሕዝቡን ለማነሣሣት ነው።

ጥላሁን ገሠሠ የዚህ ሥርዐት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በሰበታ በኩል በሚያልፈው መንገድ ወደ ወሊሶ ሄዶ አደገ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ወደ አገር ፍቅር፣ ቀጥሎም ወደ ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ መኰንኖች የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባደረጉ ጊዜ ከታሰሩት መካከል እርሱም ነበረበት። የተወለደበት ቀን መስከረም 17 ቀን 1933 ነው፤ የመስቀል ዕለት በመሆኑ ለማስታወስ አያስቸግርም። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነው ይህ ሰው ዝናው በመላ አገሩ የተሰማው ድምፁ በንግድ ሸክላ በብዛት ከመሸጡ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ታዲያ ከእነዚያ ዘፈኖች የአንዱን ልደት የምናከብረው በመድረክ በተዘፈነበት ቀን ነው ወይስ ከዓመታት በኋላ ሸክላ በሆነበት ቀን? ሸክላውን ብንመርጥ ልጁ ዐድጎ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ክርስትናውን እንደ ልደቱ መቍጠር ይሆንብናል።

ሸክላ የሚለው ቃል ራሱ መመርመር ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ የድምፅ ሰሌዳዎች ሲወድቁ እንደ ሸክላ ዕቃ የሚሰበሩ ነበሩና ሕዝቡ ስሙን ከጀበናና ከምጣድ ወስዶ ሰጣቸው፤ በኋላ በማይሰበረው ላስቲክ መሳይ ነገር ሲተኩም ስሙ ሳይለወጥ ቀረ። ለረጅም ጊዜ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። ይህን የጣሰው ዐምሐ እሸቴ ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969፣ ዐምሐ ሬኮርድስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነለት ዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ታትሞ ተመለሰ። በስድስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዓለማየሁ የአሜሪካኑን ኤልቪስን አለባበስና አዘፋፈን ስለ ወደደ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ተብሏል፤ በሮክ የልደት ቀኖችና በእኛ ታሪክ መካከል አንድ ድልድይ ይፈለግ ከተባለ እርሱ ነው። ይህ የአሜሪካ ድምፅ ወደ አገራችን ከገባባቸው በሮች አንዱ በአሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ የቃኘው ጣቢያ ራዲዮ መሆኑ የታወቀ ነው።

እነሆ እዚህ ላይ የአቆጣጠሩ ችግር ይጀምራል። «1969» የሚለው ቍጥር በአማርኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? የአውሮፓውያኑ 1969 ከጥር መግቢያ እስከ መስከረም 10 ድረስ ያለው ክፍሉ በእኛ 1961 ነው፤ ከመስከረም 11 ወዲህ ያለው 1962 ነው። ወሩ ያልታወቀ ዓመት ሊመለስ አይችልም፤ አንዱን ቍጥር ስምንት ወይም ሰባት ቀንሶ የሚጽፍ ሰው እየገመተ ነው። ብዙው ጸሐፊ ስምንት ይቀንሳል። ከዓመቱ 365 ቀን 253ቱ በስምንት፣ የቀሩት 112ቱ በሰባት የሚመለሱ ስለ ሆነ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ይስታል ማለት ነው። ከዚያ ስሕተቱ ወደ ጋዜጣ ይገባል፤ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ ይሻገራል፤ አንዱ ዘፈን ሁለት 50ኛ ዓመት ያገኛል። በወሩና በቀኑ የተመዘገበ ነገር ግን እንዲህ አያስቸግርም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 በአውሮፓ ኅዳር 2 ቀን 1930 ነበር፤ 25ኛ ዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን 1948 በጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ምክንያት በእነርሱ ኅዳር 3 ላይ ዋለ። ልዩነቱ የአንድ ቀን ነው፤ ግን ምክንያቱ ይታወቃል።

ከአቆጣጠሩ ይበልጥ የሚያሳስበው ቍጥሩ ከየት እንደ ተጀመረ ነው። በየካቲት 1966 አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን መዝናኛ ቤት ዘጋው። ዐምሐ በ1975 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ አሜሪካ ሄደ። የዘውድ ቀንና ሐምሌ 16 ከበዓላት ዝርዝር ወጡ፤ በምትካቸው መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆነ፤ በቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ቆመ። በ1977 ዓ. ም. 10ኛው የአብዮት በዓል በታላቅ ወጪ ሲከበር መንግሥት ቢለወጥም ሙዚቃን በበዓል የማዘጋጀት ልማድ እንዳልተለወጠ ታየ። ሸክላ ግን በ1970 ዓ. ም. አካባቢ ቆመ፤ ካሴት ተተካ። ካሴቱ በርካሽ እየተገለበጠ በየገበያው ስለ ተሠራጨ ቀን የሚጽፍበት አልነበረም።

በሸክላው መጨረሻ ዘመን ከወጡት ሁለት ሥራዎች ታሪካቸው ለጉዳያችን ይጠቅማል። ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «እረ መላ መላ» በአውሮፓ 1975 በካይፋ ሬኮርድስ ወጣ። በ1986 ደግሞ የቤልጅግ ኩባንያ በዚያው ስም ለአውሮፓ ሰሚ አሳተመው። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በ1977 ወጣ፤ የባንዱ የፒያኖ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ በዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ አሮጌ ሥራዎቹ ከ2013 ጀምሮ እንደገና ሲታተሙ ወደ መድረክ ተመለሰ። አንዱ ሥራ በአዲስ አበባ አንድ ልደት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሌላ ልደት አለው። የውጭ አገር ጸሐፊ ስለ «እረ መላ መላ» ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ1986 ነው፤ ለእርሱ ዘፈኑ የተወለደው ያን ጊዜ ነውና አይፈረድበትም። እኛ የእርሱን ቍጥር ተቀብለን ስናከብር ግን ራሳችንን በሰው መስኮት እናያለን።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይህን የማሕሙድን ሥራ ሰምቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በቡዳ ሙዚክ ኩባንያ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙትን ተከታታይ ቅጾች አወጣ። የሠራው ሥራ ታላቅ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ከጠፉ ይቈጠሩ የነበሩ ዘፈኖች ተመልሰው የተሰሙት በእርሱ ድካም ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ቅጽ ከ1969 እስከ 1975 ያሉትን ዓመታት «ወርቃማ ዘመን» ብሎ ሰየመ፤ ስያሜውም እንደ ሕግ ተወሰደ። ይህ ክልል የዐምሐ ድርጅት ዕድሜ ነው እንጂ የዘፈኑ ዕድሜ አይደለም። ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለ፣ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የነርሲስ ናልባንዲያን ቴአትር ቤት በዚህ አቆጣጠር ከወርቁ ውጭ ወይም ከደጃፉ ላይ ይቀራሉ። ሸክላው ያልደረሰበት ዘመን ጨለማ ተደርጎ ይታያል። በምሥራቁ በኩልም እንዲሁ ነው፤ በድሬ ዳዋ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር የጀመረው ዓሊ ቢራ ስሙን ያገኘው በመድረክ ከዘፈነው፣ የመፀውን መንጋት ከሚያበሥረው ዘፈን ነው። ስሙ የወቅት ስም ነው፤ ማንም ሸክላ ሳይገልጥ ዘፈኑ በምን ወራት እንደ ተነሣ ይጠቍማል።

ሙላቱ አስታጥቄን ለይቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የእርሱ ሥራ በሮክ አገር ሥርዐት ቀን ሊቈጠርለት የሚችል ነውና። በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ በ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች፣ በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አስቀረጸ። እነዚህ በመቅረጫ ክፍል የተወለዱ ናቸው፤ 50ኛ ዓመታቸው ሲነገር ስሕተት የለበትም። ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1966 ዓ. ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር መገናኘቱም ቀን ያለው ታላቅ ነገር ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ አብዮቱ ፈነዳ። ዐምሐ ከመሄዱ በፊት ባሳተመው በሙላቱ የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ላይ «የካቲት» የተባለ ቅንብር አለ። የወሩን ስም ለሙዚቃው መስጠቱ ከማናቸውም ማኅተም የተሻለ የቀን ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንለፍ። 50 ዓመት ለምን ተመረጠ? በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ነው፤ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባሪያ ነፃ ይወጣል። በዘመናችን የቅጂ መብት ሕግ ግን 50ኛው ዓመት የተገላቢጦሽ ኢዮቤልዩ ነው፤ የድምፁ ርስት ከባለቤቱ እጅ የሚወጣበት ዓመት ነውና። በአውሮፓ የድምፅ ሥራ ጥበቃ 50 ዓመት ነበር። የሮክ አሮጌ ሸክላዎች 50 ዓመታቸው እየቀረበ ሲመጣ ኩባንያዎቹ ጮኹ፤ በ2011 የአውሮፓ ኅብረት ወደ 70 ዓመት አሳደገው። የተራዘመው ግን ለታተመው ነው፤ ያልታተመው ቅጂ በ50 ዓመት ጥበቃውን ስለሚያጣ የቦብ ዲላን ኩባንያ በ2012 መጨረሻ የ1962ን ያልታተሙ ሥራዎች በ100 ቅጂ ያህል ብቻ አሳትሞ ለገበያ አወጣ። ዐላማውንም አልደበቀም፤ ስብስቡን ራሱን የመብት ማራዘሚያ ብሎ ሰየመው። የዓመት በዓል ከጀርባው ሒሳብ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በኢትዮጵያ የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል። ለከዋኙ፣ ማለት ለዘፋኙና ለተጫዋቹ፣ እንዲሁም ለአሳታሚው የሚሰጠው ግን ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ዓመት የሚቈጠር 50 ዓመት ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የደራሲው መብት የሚቈጠረው ከሞቱ ነው፤ የሞት ቀን ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ሕዝባችን አጥብቆ የሚይዘው ቀን ነው። የዘፋኙ መብት የሚቈጠረው ከሸክላው ነው፤ የሸክላው ቀን ደግሞ ሕዝባችን ከቶ ያልያዘው ቀን ነው። በ1969 የተቀረጸ ድምፅ በዚህ ስሌት በ2019 መጨረሻ ይወጣል። በ1970 ወይም በ1971 የተቀረጸ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ቀኑ ያልተጻፈበት ሸክላ ባለቤት ለአንድ የማስታወቂያ ሥራ ወይም ለአንድ የውጭ ኩባንያ ሲከራከር የሚያቀርበው ምስክር የለውም፤ ተከራካሪው ደግሞ ወደሚጠቅመው ዓመት ይስበዋል። ነገሩ ከንቱ ክርክር አይደለም። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ገብቷል፤ የአሜሪካና የጃማይካ ዘፋኞች ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ከእርሱ ቅንብር ወስደው አዲስ ዘፈን ሠርተዋል። አሮጌው ሸክላ ገበያ ያገኘው በጎልማሳነቱ ሳይሆን በሽምግልናው ነው፤ ያም ጊዜ ከ50ኛው ዓመት ጋር ገጠመ።

ሰዎቹ ግን እየሄዱ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ. ም. በትንሣኤ ዕለት ዐረፈ፤ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ፤ ቀኑን ዛሬ የማያውቅ የለም፤ ልደቱ በመስቀል ሞቱ በፋሲካ ስለ ዋለ ሁለቱም ከበዓል ጋር ታስረው ይኖራሉ። ዐምሐ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በአውሮፓ 2021፣ ዐረፉ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነው በአንድ ዓመት መሄዳቸው ለሙት ዓመታቸው ቀን ሰጠ፤ የሸክላውን ቀን ወሩን ጠቅሰው ሊነግሩን ይችሉ የነበሩትን ሁለት አፎች ግን ወሰደ። ዓሊ ቢራም በቀጣዩ ዓመት፣ በ2022፣ ተከተላቸው።

ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራ የሰነድ ሥራ ነው። የብሔራዊ ቴአትርና የአገር ፍቅር የዝግጅት ወረቀቶች፣ የጋዜጦች የማስታወቂያ ገጾች፣ የራዲዮ ጣቢያ የዘፈን መዝገብ፣ በአሳታሚው በኩል ደግሞ ከውጭ አገር ማተሚያ ቤት ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤዎችና የጉምሩክ ወረቀቶች አሉ። ሸክላው ራሱም በዘፈኑ ቍጥር ቅደም ተከተል ይናገራል፤ አንዱ ሸክላ ቀኑ ከታወቀ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያሉት ቍጥሮች ክልል ያገኛሉ። በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ያሉ አዛውንት «እኅቴን በዳርን ዓመት» ሲሉ ጸሐፊው ከሳቀ ተሳስቷል፤ የሠርጉ ዓመት በሽማግሌዎች ውል ወይም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሊገኝ ስለሚችል ይህ ቃል ከብዙ ጋዜጣ ይልቅ ወደ እውነተኛው ቀን ያደርሳል። እንዲያውም ዘፈኑ በሠርግ ከተዘፈነ፣ ከሠርጉ በፊት መውጣቱ የተረጋገጠ ነው።

ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ፣ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው በነበሩ ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት፣ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላዎች እነዚህ ናቸው። ከኢትዮፒክስ ቅጾች 27ኛው ለእርሳቸው ሥራ የተሰጠ ሲሆን ርእሱ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ መቶኛ ዓመት መሆኑን ይናገራል፤ የታተመው በ2011 ነው። ቍጥሩን ከ1908 ብንጀምር መቶኛው ዓመት ሦስት ዓመት አልፎት፣ ከ1910 ብንጀምር አንድ ዓመት አልፎት ነበር።